የስፓኒሽ መደበኛ ግስ በአሁን ጊዜ እንዴት ይረባል፡ ትራባኻርን ይዘን ከሀ እስከ ፐ

ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ኩሽና ስራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ አብሮኝ እቃ የሚያጥብ የኤልሳልቫዶር ልጅ ቀና ብሎ "ትራባኻስ ማኛና?" አለኝ። ነገ ትሰራለህ ወይ ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል፣ ሁለቱንም ቃል አውቃቸዋለሁ። "ሲ፣ ትራባኻ" አልኩት። እጁን ከነሳሙናው ከውሃው አወጣና ወደኋላዬ አየት አድርጎ "ኪየን?" አለኝ፣ ማን? ማለቱ ነው። እኔ "አዎ እሰራለሁ" ያልኩት መስሎኛል፣ እሱ የሰማው ግን "አዎ ይሰራል" ነው፣ ስለዚህ ማን ነው የሚሰራው ብሎ ሰው ፈለገ። ከዛ በእርጥብ ጣቱ ደረቴን ነካ አድርጎ "ዮ፣ ትራባኾ" አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ።

ይሄን የምነግራችሁ የስፓኒሽ ግስ ላይ ማን እንደሚሰራ የሚታወቀው በግሱ መጨረሻ ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው ሰንጠረዥ ይሸመድዳል፣ በአንድ ሳምንት ይጠፋዋል፣ ከዛ ስፓኒሽ ከባድ ነው ብሎ ይተወዋል። አማርኛ ለሚናገር ሰው ግን ይሄ ነገር እውነት ከባድ አይደለም፣ እንደውም እንግሊዝኛ ብቻ ከሚያውቅ ሰው ቀድመን ነው የምንጀምረው፣ ምክንያቱም "እሰራለሁ" ስንል "እኔ" ማለት ሳያስፈልገን ማን እንደሚሰራ ግሱ ራሱ ይናገራል። ስፓኒሽም ልክ እንደዛ ነው። አንድ ግስ፣ ትራባኻርን (መስራት)፣ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ፣ ይሄን አንድ ግስ በደንብ ከያዛችሁ መቶዎቹን ይዛችኋል።

ደረጃ 1፡ ግሱ የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ማየት

መዝገበ ቃላት ላይ የስፓኒሽ ግስ የሚገኘው እንደ እኛ "መስራት፣ መብላት፣ መኖር" ባለው መልኩ ነው፣ ሁሉም በ"ር" ያልቃል፣ ከ"ር" በፊት ያለው ድምፅ ደግሞ ቤተሰቡን ይነግራችኋል። ትራባኻር (መስራት)፣ አብላር (መናገር)፣ ኮሲናር (ምግብ ማብሰል) የአር ቤተሰብ ናቸው። ኮሜር (መብላት)፣ ቤቤር (መጠጣት)፣ ቤንዴር (መሸጥ) የኤር ናቸው። ቢቢር (መኖር)፣ አብሪር (መክፈት)፣ ኤስክሪቢር (መፃፍ) የኢር ናቸው። ከዚህ ውጪ አራተኛ ቤተሰብ የለም። ከሦስቱ ትልቁ የአር ነው፣ ስለዚህ ከእሱ መጀመር ነው ብልህነቱ።

ደረጃ 2፡ በእኛ ፊደል ማርባት

እኔን የገላገለኝ ይሄኛው ነው። ግሱን በላቲን ከማየታችሁ በፊት አንድ ጊዜ በእኛ ፊደል ፃፉትና "ር"ን አውልቁት። ትራባኻር የነበረው ትራባኻ ሆነ። አሁን የሚቀያየረው የመጨረሻዋ ፊደል ናት፣ ማለትም ኻ። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ብላችሁ ቁጠሩ፣ "እኔ" ስትሉ ፊደሏን ሰባተኛው ላይ ወስዳችሁ ሳብዕ ታደርጓታላችሁ፣ ለሌላው ሁሉ አራተኛው ላይ፣ ራብዕ ላይ ትቆያለች፣ ከኋላዋ የሚለጠፈው ብቻ ይለያያል።

ዮ ትራባኾ፡ እሰራለሁ
ቱ ትራባኻስ፡ ትሰራለህ፣ ትሰሪያለሽ
ኤል፣ ኤያ ትራባኻ፡ ይሰራል፣ ትሰራለች
ኡስቴድ ትራባኻ፡ እርስዎ ይሰራሉ
ኖሶትሮስ ትራባኻሞስ፡ እንሰራለን
ቦሶትሮስ ትራባኻይስ፡ ትሰራላችሁ (ስፔን ውስጥ)
ኡስቴዴስ ትራባኻን፡ ትሰራላችሁ
ኤዮስ፣ ኤያስ ትራባኻን፡ ይሰራሉ

አያችሁ አይደል፣ ባዶውን ከሆነ እሱ ወይ እሷ ነው፣ ስ ካለች አንተ ወይ አንቺ፣ ሞስ ካለች እኛ፣ ን ካለች ብዙ ሰው ነው። ኾ ከሆነች እኔ ነኝ። የእኔ ስህተት እንግዲህ ሳብዕ ማድረግ የነበረብኝን ፊደል ራብዕ አድርጌ መተዌ ነበር፣ በአንድ ፊደል ነው ስራዬን ለሌላ ሰው የሰጠሁት።

ፆታ ላይ ደግሞ እፎይ በሉ። እኛ ትሰራለህ ትሰሪያለሽ፣ ይሰራል ትሰራለች እያልን ሁለት ቦታ እንለያለን፣ እነሱ ግሱ ላይ ፆታ የሚባል ነገር የላቸውም። ወንዱንም ሴቷንም ትራባኻስ ትላላችሁ።

ቦሶትሮስ የሚለውን የምትኖሩት ስፔን ካልሆነ አንብቦ ማለፍ ይበቃል፣ ላቲን አሜሪካ ውስጥ በየቀኑ ንግግር "እናንተ" ሁሌም ኡስቴዴስ ነው።

ደረጃ 3፡ ሌሎቹ ሁለት ቤተሰቦች

የአሩ ከገባችሁ ይሄ አምስት ደቂቃ ነው። "እኔ" በሦስቱም ቤተሰብ ሳብዕ ነው፣ ትራባኾ፣ ኮሞ፣ ቢቦ። ሌላው ግን ራብዕ መሆኑ ቀርቶ ኃምስ ይሆናል፣ ኮሜስ (ትበላለህ)፣ ኮሜ (ይበላል)፣ ኮሜሞስ (እንበላለን)፣ ኮሜን (ይበላሉ)። ቢቢርም እንደዛው፣ ቢቤስ፣ ቢቤ፣ ቢቤን። የኢር ቤተሰብ ከኤሩ የሚለየው "እኛ" ላይ እና በስፔኑ "እናንተ" ላይ ነው፣ እዛ ላይ ሣልስነቱን አይለቅም፣ ኮሜሞስ እንላለን ግን ቢቢሞስ (እንኖራለን)፣ ኮሜይስ ይላሉ ግን ቢቢስ። አለቀ።

ደረጃ 4፡ ፊደላችን የማያሳየው ነገር

እዚህ ጋ ቀስ በሉ፣ ምክንያቱም በእኛ ፊደል ብቻ ከተማመናችሁ የምትወድቁበት ጉድጓድ አለ። ስፓኒሽ ቃል ውስጥ አንዱ ድምፅ ጫን ተብሎ ይነገራል፣ እኛ አገር ጠብቆና ላልቶ እንደምንለው አይደለም፣ ፊደሏን አታጠብቋትም፣ ድምፃችሁን ብቻ እዛ ላይ ከፍ ታደርጋላችሁ። ትራባኾ ስትሉ ጫናው "ባ" ላይ ነው፣ ትራ ባ ኾ፣ እሰራለሁ ማለት ነው። ጫናውን ወስዳችሁ "ኾ" ላይ ብታደርጉት ግን "ሰራ" ይሆናል፣ እሱ ትናንት ሰራ። አፃፃፉ በእኛ ፊደል አንድ ነው፣ በላቲን ግን የኋለኛዋ ላይ ጭረት ታርፍባታለች። አብሎም (እናገራለሁ) እንደዚሁ ነው፣ ጫናው ወደ ሎ ከሄደ "ተናገረ" ነው።

ህጉ ቀላል ነው። ለእኔ፣ ለአንተ፣ ለእሱና ለእነሱ ጫናው ከመጨረሻዋ በፊት ባለችው ላይ ነው፣ ትራባኾ፣ ትራባኻስ፣ ትራባኻ፣ ትራባኻን፣ አራቱም "ባ" ላይ። ለእኛ ሲሆን ወደ "ኻ" ይዘልና ትራባኻሞስ ይሆናል። በጣታችሁ ጠረጴዛ እየመታችሁ ጮክ ብላችሁ በሉት፣ አንገት ደፍቶ በማንበብ አይመጣም።

ድምፆቹ ላይ ግን እድለኞች ነን። በላቲን "ጄ" የሚፃፈው የትራባኻር ድምፅ የእኛው ኸ ነው፣ ስፔኖች ከጉሮሮ አጥብቀው ይሉታል፣ መካከለኛው አሜሪካና ካሪቢያን ለስለስ አድርገው ሀ ያስመስሉታል፣ ትራባሆ ብትሉም ይገባቸዋል። የማኛና "ኛ" የእኛው ኛ ናት። የአብላር የፊት "ኤች" ትፃፋለች እንጂ አትነበብም፣ ቢቢር ደግሞ በ"ቪ" ይፃፋል ግን "ብ" ተብሎ ይነበባል።

ደረጃ 5፡ አንተ፣ አንቱ እና "ቦስ"

ኡስቴድ እንደ እኛ እርስዎ ነው። ሰዋስዉን ያየ ሰው አንድ የሚያስደስት ነገር ያገኛል፣ እኛ ትልቅ ሰውን ስናከብር "ይሰራሉ" ብለን ከ"እነሱ" ግስ እንበደራለን፣ እነሱ ደግሞ ከ"እሱ" ግስ ይበደራሉ፣ ኡስቴድ ትራባኻ። ምክንያቱም ኡስቴድ የመጣው ቡኤስትራ ሜርሴድ ከሚል የድሮ አጠራር ነው፣ ክቡርነትዎ እንደማለት፣ እና "ክቡርነትዎ ይሰራል" እንደማለት ግሱ በሦስተኛ ሰው ቀረ። በቃ ኡስቴድ ስትሉ ስ ጨምራችሁ ኡስቴድ ትራባኻስ እንዳትሉ። ሌላው ልዩነት፣ እሳቸው የሚባል ነገር የለም፣ ፊት ለፊት ያለ ሰው በኡስቴድ ይከበራል፣ ስለሌለ ሰው ስናወራ ግን አባታችንም ይሁኑ ቄሱ ኤል ትራባኻ ነው፣ ነውር የለውም።

በእድሜ ጠና ያለች ሴትዮ ስታገኙ ዶኛ ብላችሁ በስሟ ጥሯት፣ እትዬ እንደማለት ነው፣ ከዛ ኡስቴድ ተጠቀሙ። እኔ የምሰራበት ቦታ ያሉ እናቶች ፊታቸው ሲበራ በአይኔ አይቻለሁ። ሀበሻ አክብሮት ከቤቱ ይዞ ስለሚወጣ ይሄ ለእኛ ትምህርት ሳይሆን መተርጎም ብቻ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ይሄን ስሙኝ። እዚህ ከላቲኖው ማህበረሰብ ትልቁ የኤልሳልቫዶር ሰው ነው፣ እነሱ ከጓደኛ ጋር ሲያወሩ ከ"ቱ" ይልቅ "ቦስ" ይላሉ፣ አርጀንቲናና ኡራጓይም እንደዛ ነው። የቦስ ግስ ከቱ ግስ የሚለየው በዋናነት ጫናው ወደ መጨረሻ ስለሚሄድ ነው፣ ትራባኻስ "ኻ" ላይ፣ ኮሜስ "ሜ" ላይ፣ ቢቤስ የሚለው ደግሞ ቢቢስ ይሆናል። ያ እቃ የሚያጥበው ልጅ የጠየቀኝ በቦስ እንደነበር የገባኝ ከወራት በኋላ ነው፣ ክፍል ውስጥ ከተማርኩት ለየት ብሎ ጆሮዬ ላይ የዋለው ለዛ ነበር። እናንተ ቱ ብትሉ ማንም አይቀየምም፣ መስማቱን ግን ልመዱት።

ኩባ፣ ፖርቶ ሪኮና ዶሚኒካን ያሉ ሰዎች በበኩላቸው የመጨረሻዋን ስ ስለሚውጧት ትራባኻስ ትራባኻ መስሎ ይሰማችኋል፣ ግን እነሱ "ቱ" የሚለውን ከሌላው አብዝተው ስለሚናገሩ እሱን አዳምጡ። እኛ አገር ይሄን ስፓኒሽ የሚናገሩ አሉ፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (በፈረንጅ አቆጣጠር) በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ በምትባለው ደሴት ተምረዋል። ቤተሰብ ወይ ጎረቤት ውስጥ እንደዛ ያለ ሰው ካላችሁ ቡና ጠጡና አውሩ፣ ከየትኛውም አፕ ይሻላል።

ደረጃ 6፡ አረፍተ ነገር ውስጥ ማስገባት

የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ የእነሱ ፊት ላይ። እኔ የምጠቀመው ዘዴ አማርኛውን ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ ነው። "ምግብ ቤት ውስጥ እሰራለሁ" የሚለውን ገልብጡት፣ እሰራለሁ፣ ውስጥ፣ ምግብ ቤት፣ ትራባኾ ኤን ኡን ሬስታውራንቴ። "ከወንድሜ ጋር እሰራለሁ" ደግሞ እሰራለሁ፣ ጋር፣ ወንድሜ፣ ትራባኾ ኮን ሚ ኤርማኖ። ሁሌ አይሰራም ግን ለጀማሪ ከአስር ዘጠኙን ያወጣል።

ከትራባኻር ጋር የምትሄደዋን ትንሽ ቃል አትሳቱ። ቦታ ሲሆን ኤን ነው። ሙያችሁን ስትናገሩ ዴ ነው፣ ትራባኾ ዴ ኮሲኔሮ፣ በምግብ አብሳይነት እሰራለሁ፣ ሴት ከሆንሽ ኮሲኔራ ትያለሽ (ግሱ ላይ የጠፋው ፆታ እዚህ ተመልሶ መጣ)። የምትሰሩለት ሰው ወይ ድርጅት ከሆነ ፓራ ነው።

አሉታው ደስ ይላል። እኛ አል ብለን ጀምረን ም ብለን እንዘጋለን፣ አልሰራም፣ እነሱ ከግሱ በፊት ኖ ብቻ፣ ኖ ትራባኾ። "ማንም አይሰራም" እንደምንለው ሁለት አሉታ መደራረብም ይቻላል፣ ኖ ትራባኻ ናድየ፣ ኖ ትራባኾ ኑንካ (በጭራሽ አልሰራም)።

ጥያቄ ደግሞ ድምፅ ማንሳት ብቻ ነው፣ ትራባኻስ ኦይ? ዛሬ ትሰራለህ? ግን "ነው" የምትባለውን የእኛን ቃል ይዛችሁ እንዳትገቡ። እኛ "የት ነው የምትሰራው" ስለምንል ጀማሪ ሀበሻ ነውን ፈልጎ ዶንዴ ኤስ ትራባኻስ ይላል፣ ትክክሉ ዶንዴ ትራባኻስ ብቻ ነው። "እየሰራሁ ነው" ለማለት ሶይ ትራባኾ የሚልም ሰምቻለሁ፣ እሱ "እኔ ስራ ነኝ" እንደማለት ነው።

ደረጃ 7፡ መቼ ነው የምንጠቀመው

ይሄ ቅርፅ አራት ነገር ይሸከማል። ልማድን ይናገራል፣ ትራባኾ ሎስ ሉኔስ፣ ሰኞ ሰኞ እሰራለሁ። ኤል ሉኔስ ካላችሁ ግን የዚህችን ሰኞ ብቻ ነው፣ ቀን ፊት ደግሞ ኤን አይገባም። አሁን እየሆነ ያለንም ይናገራል፣ ስልክ ደውለው ምን እያደረግህ ነው ሲሏችሁ ትራባኾ ማለት ይቻላል፣ አሁን በዚህች ደቂቃ የሚለውን ማጉላት ከፈለጋችሁ ኤስቶይ ትራባኻንዶ አለ። የቅርቡን ወደፊትም ይናገራል፣ ማኛና ትራባኾ፣ "ነገ እሰራለሁ" ከሚለው አማርኛችን ጋር ቁጭ ነው፣ ሌላ የወደፊት ቅርፅ ፍለጋ አትድከሙ።

አራተኛው ነው ቆም ብላችሁ ማየት ያለባችሁ። ጀምሮ እስካሁን ያልቆመ ነገር። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ እዚህ ስንት ጊዜ ሰራህ ብሎ ጠየቀኝና፣ አማርኛዬ "ሁለት ዓመት ሰራሁ" ስላለኝ በኃላፊ ጊዜ ትራባኼ ዶስ አኞስ አልኩት። "ኢ አኦራ ዶንዴ?" አለኝ፣ አሁንስ የት ነህ? የኩሽና ሽርጤን ታጥቄ ፊቱ ቆሜ ማለት ነው። ለካ በኃላፊ ጊዜ ከተነገረ ነገሩ አልቋል፣ ለቅቄያለሁ ማለት ነው። ካላለቀ በአሁን ጊዜ ነው የሚነገረው፣ ትራባኾ አኪ ዴስዴ አሴ ዶስ አኞስ። ቃል በቃል "ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ እዚህ እሰራለሁ" ነው። የስራ ኢንተርቪው ላይ ይሄን ብታጠፉ ስራ የለቀቃችሁ ይመስላል፣ ስለዚህ ይህቺን አረፍተ ነገር በራሳችሁ ዓመት ሞልታችሁ በቃላችሁ ያዟት።

ሌላ አንድ የምትምታታ ነገር፣ ትራባኾ "እሰራለሁ" ብቻ ሳይሆን "ስራ" የሚለው ስምም ነው፣ ጫናውም አንድ ቦታ ነው። ስለዚህ ኔሴሲቶ ትራባኾ "ስራ ያስፈልገኛል" ነው፣ "መስራት ያስፈልገኛል" ለማለት ግን ሁለተኛው ግስ ሳይረባ ኔሴሲቶ ትራባኻር ይባላል፣ እኛም "መስራት" ብለን እንደምንተወው።

ደረጃ 8፡ ወደ ሌሎች ግሶች መሄድ፣ እና የትኞቹን መፍራት

በዚሁ በትራባኻር መንገድ አሁኑኑ ልታረቧቸው የምትችሉ፣ ላባር (ማጠብ)፣ ሊምፒያር (ማፅዳት)፣ ኮምፕራር (መግዛት)፣ ፓጋር (መክፈል)፣ አዩዳር (መርዳት)፣ ያማር (መጥራት፣ መደወል)፣ ዬጋር (መድረስ)፣ ኔሴሲታር (መፈለግ)። ላቦ፣ ላባስ፣ ላባ፣ ላባሞስ፣ ላባን፣ እንዲህ እያላችሁ።

መደበኛ መስለው የሚሸውዱ ግን አሉ። ፔንሳር (ማሰብ) ፔንሶ ሳይሆን ፒየንሶ ነው፣ ሴራር (መዝጋት) ሲየሮ፣ ኤምፔሳር (መጀመር) ኤምፒየሶ። መጨረሻቸው ያው ነው፣ ሆዳቸው ነው የሚቀየረው። ኮኖሴር (ማወቅ) ኮኖስኮ፣ ሳሊር (መውጣት) ሳልጎ ይላሉ "እኔ" ላይ። እነዚህን አሁን አትንኳቸው፣ መደበኛው አፋችሁ ላይ ሳይደርቅ ከነካካችኋቸው ሁለቱም ይደበላለቁባችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ትራባኻሞስ "እንሰራለን"ም "ሰራን"ም ነው፣ ቢቢሞስም እንደዛው። የሚለየው አብሮ በሚመጣው ቃል ነው፣ ኦይ (ዛሬ) ካለ አሁን፣ አየር (ትናንት) ካለ ያለፈ።

አሁን መልሱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ እነዚህን ጮክ ብላችሁ ሞክሩ።

ማታ ነው የምሰራው፡ ትራባኾ ዴ ኖቼ። (ነው የለም!)
እህቴ ሆስፒታል ውስጥ ትሰራለች፡ ሚ ኤርማና ትራባኻ ኤን ኡን ኦስፒታል።
እሁድ እሁድ አንሰራም፡ ኖ ትራባኻሞስ ሎስ ዶሚንጎስ።
እርስዎ የት ነው የሚሰሩት?፡ ዶንዴ ትራባኻ ኡስቴድ?
እዚህ መኖር ከጀመርን አምስት ዓመታችን ነው፡ ቢቢሞስ አኪ ዴስዴ አሴ ሲንኮ አኞስ።

የመጨረሻዋን ካገኛችኋት ቀጥላችሁ በ"እኖራለሁ" ቀይሯት፣ ቢቢሞስ የነበረው ቢቦ ይሆናል፣ ጫናው ፊተኛዋ ቢ ላይ።